ሙሰኛ እየታሰረ ሙስና የማይቀንሰው ለምንድን ነው? ከየት ይጀመር?

ሰነድ አገላባጭ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሙስና ወሬ ሲነሳ ሁልጊዜ «ማን ታሰረ?» ላይ ያልቃል። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን አለን። በየጊዜው ዘመቻ ይታወጃል፣ ሹም ይታሰራል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል። የዋና ኦዲተር ሪፖርት ሲወጣ ግን ዝርዝሩ ያው ነው፦ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብ፣ መመሪያ ሳይከተል የተፈጸመ ግዥ፣ ደጋፊ ሰነድ ያልቀረበበት ወጪ። ሰዎቹ ተቀያይረዋል፤ ፊርማው የሚዞርበት መንገድ ግን አልተነካም።

የእኔ አቋም ይኼ ነው፦ ሙስናን የምንይዘው ገንዘቡና ውሳኔው በሚያልፉበት በር ላይ ቆመን ነው። ሌባው ከወጣ በኋላ መሮጥ ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይደረስበትም። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ በምታውቁት ሙያ ቀዳዳውን ጻፉ። የትኛው ሰነድ ላይ ነው? የማን ፊርማ ነው? በምን ይደፈናል?

እኔ ከሰኔ ልጀምር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ ይሆናል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ዕቃው ሳይገባ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ይቆረጣል፤ «ገቢ ሆኗል» ይባልና ክፍያው ይወጣል። ከፊሉ ዕቃ በነሐሴ ይመጣል፣ ከፊሉ ጨርሶ አይመጣም፣ ከፊሉ ደግሞ ከታዘዘው ያነሰ ጥራት ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ሁሉም የተሟላ ነው።

ይህን ለመያዝ የሚያስፈልገው ሐምሌ 1 ጠዋት መጋዘን መግባት ነው። በሰኔ የተቆረጡትን ሞዴል 19ኞች በሙሉ ይዞ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ በሞዴል 22 ወጪ የሆነውን መቀነስ። ከዚያ የበር ጥበቃ መዝገቡን ማምጣት። ብዙ ኦዲተር የበር መዝገብ አይጠይቅም፤ ስለዚህም የሚያስተካክለው የለም። 200 ጠረጴዛ ገብቷል በተባለበት ቀን የጭነት መኪና በበሩ ካላለፈ ጉዳዩ አለቀ።


የግዥ ባለሙያ

ጥሩ ጀምረሃል ወንድሜ። እኔ ወደ ኋላ ልመለስ፣ ዕቃው ሳይታዘዝ ወደሚሠራው ሥራ።

አሸናፊው የሚወሰነው ፖስታ ሲከፈት አይደለም። ስፔሲፊኬሽኑ (የዕቃው መስፈርት ዝርዝር) ሲጻፍ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ፎቶ ኮፒ ማሽን ይፈልጋል እንበል። መጻፍ ያለበት በደቂቃ ስንት ገጽ፣ በወር ስንት ገጽ የመሸከም አቅም፣ የወረቀት መጠን፣ ዋስትና፣ የመለዋወጫ አቅርቦት ነው። ሰነዱ ላይ «ክብደቱ 61.5 ኪሎ፣ ቁመቱ 787 ሚሊ ሜትር» የሚል ካያችሁ ግን ከአንድ አምራች ካታሎግ ላይ የተገለበጠ ነው። ለቢሮ ሥራ የማሽን ክብደት በግማሽ ኪሎ የሚያስጨንቀው ማንም የለም። ሌሎቹ ተጫራቾች «መስፈርቱን አላሟሉም» ተብለው በቴክኒክ ይወድቃሉ፤ ፋይሉም ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል። መድኃኒቱ እያንዳንዱ መስፈርት አጠገብ «ለምን አስፈለገ» የሚል አንድ ዓምድ ጨምሮ ጠያቂውን ክፍል ማስፈረም ነው። ለክብደቱ ምክንያት ጽፎ የሚፈርም ሰው አይገኝም።

ሁለተኛው ፕሮፎርማ (ከነጋዴ የሚሰበሰብ የዋጋ ማቅረቢያ) ነው። ግዥው ከጨረታ ጣራ በታች እንዲሆን ይከፋፈላል፤ በመስከረም 10 ኮምፒውተር፣ በኅዳር 10፣ በጥር 10። ከዚያ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ሦስቱንም ግን የሚያመጣው አንድ ሰው ነው። እንዴት ይታወቃል? ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት ይገኛል። የተሸናፊዎቹ ዋጋ በሁሉም ዕቃ ላይ እኩል በመቶኛ ይበልጣል፣ አንዱ 5 በመቶ፣ ሌላው 8 በመቶ። በእውነት ገበያ የሚወዳደር ነጋዴ በአንዱ ዕቃ ይረክሳል፣ በሌላው ይወደዳል፤ ሃያ ዕቃ ላይ ሙሉ በሙሉ እኩል ልዩነት በተፈጥሮ አይመጣም። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራቸውን፣ ስልካቸውንና ንግድ ፈቃዳቸው የወጣበትን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጡት።

ሦስተኛ፣ ዋስትና። ለዓመታት በተሠራበት መመሪያ የውል ማስከበሪያው 10 በመቶ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ እስከ 30 በመቶ ድረስ ይሰጣል። የዋስትና ደብዳቤው እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ባንኩን የሚጠይቀው ደብዳቤ ግን ብዙ ቦታ በራሱ በአቅራቢው እጅ ይላካል፤ መልሱም በእሱ እጅ ይመጣል። ይኼ መቅረት አለበት። በመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ተልኮ፣ መልሱ በባንኩ መዝገብ ቁጥር መረጋገጥ አለበት። የሚያበቃበትን ቀንም ተከታተሉ፤ ውሉ ሲራዘም ዋስትናው ሳይራዘም ይቀርና ሥራው ሲበላሽ የሚወረስ ነገር ይጠፋል።


ቀለበት መንገድ

ለእውቀታችሁ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት ተጀምሯል። ይኼንን ሁሉ እሱ አይፈታውም?


ዳታ ሰው

ከፊሉን ይፈታል። የጨረታ ሳጥን ቀድሞ መክፈት፣ ከመዝጊያ ሰዓት በኋላ የመጣ ሰነድ መቀበል፣ ከፋይል ገጽ መንቀል፣ «ደብዳቤህ አልደረሰንም» ማለት፣ እነዚህ ሁሉ ይጠፋሉ። ማን በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ምን እንደነካ ይመዘገባል።

ለአንድ ድርጅት ተለክቶ የተሰፋ ስፔሲፊኬሽን ግን ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባም ያው የተሰፋ ስፔሲፊኬሽን ነው። ተጫራቾች ውጭ ተገናኝተው ዋጋ ከተካፈሉ ሥርዓቱ አያውቅም። ሌላው በየመሥሪያ ቤቱ የሚታየው ችግር የይለፍ ቃል ነው። ኃላፊው ሥራ ይበዛበታል፣ የይለፍ ቃሉን ለጸሐፊው ይሰጣል፤ ሦስት ሰው ማጽደቅ ያለበትን አንድ ሰው በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያጸድቃል። መዝገቡ ላይ ሦስት ስም አለ፤ ሦስቱም የገቡት ከአንድ ኮምፒውተር በአራት ደቂቃ ውስጥ ነው። ይህን የሚያወጣ ወርኃዊ ሪፖርት ለውስጥ ኦዲት መስጠት ከባድ አይደለም፤ መረጃው እዚያው አለ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መረጃውን ለሕዝብ መክፈት ነው። ዩክሬን ፕሮዞሮ የሚባለውን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 ለመንግሥት ግዥ በሙሉ አስገዳጅ ስታደርግ የተሸናፊዎቹ ሰነድም ጭምር ጨረታው ካለቀ በኋላ ለማንም እንዲታይ አደረገች። የተሸናፊውን ሰነድ ማየት ለምን ይጠቅማል? የግዥ ባለሙያው ያለው የፊደል ስህተትና እኩል የመቶኛ ልዩነት የሚገኘው እዚያ ነው። እኛ ጋ አሸናፊው ብቻ ይለጠፋል። ከአሸናፊው ስም ብቻ ማንም ምንም ማወቅ አይችልም።

ደግሞም ወደ ሥርዓቱ የማይገባ ግዥ አለ። ኅዳር 2011 ዓ.ም. ስለ ሜቴክ (የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን) ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሰጠው መግለጫ ወደ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ ተፈጽሟል ተብሎ ነበር። ያለ ጨረታ የሚገዛው ሁሉ ምክንያቱ፣ የፈቀደው ሰውና ዋጋው በተፈቀደ በቀናት ውስጥ እንዲታተም ካልተደረገ፣ በጨረታው በር ላይ ዘብ አቁመን መስኮቱን ክፍት ትተነዋል።


መሐንዲስ ዘጎጃም

ግንባታን ልጨምር። እዚህ ትልቁ ገንዘብ የሚጠፋው ውሉ ከተፈረመ በኋላ፣ በክፍያ ሰርተፊኬት (ለተሠራው ሥራ ክፍያ በሚጠየቅበት ሰነድ) ላይ ነው።

ለምሳሌ የውኃ መስመር ቦይ ውሰዱ። 120 ሜትር ርዝመት፣ 0.8 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ጥልቀት፤ 192 ሜትር ኩብ ቁፋሮ ነው። የተራ አፈር ነጠላ ዋጋ 400 ብር፣ የአለት 2,500 ብር ይሁን። ቴክ ኦፍ ሺቱ (የሥራው ልኬት የሚሞላበት ቅጽ) ላይ «40 በመቶው አለት» ተብሎ ሲሞላ 76.8 ሜትር ኩብ ላይ የ2,100 ብር ልዩነት ይመጣል፤ 161,280 ብር። ይህ በ120 ሜትር ነው፤ መስመሩ 15 ኪሎ ሜትር ሲሆን አስቡት። ቱቦው ተቀብሮ አፈር ከተመለሰበት በኋላ ደግሞ ማንም ሄዶ አይለካውም።

ስለዚህ መለካት ያለበት ቦዩ ክፍት እያለ ነው። የተቋራጩ፣ የአማካሪው እና የባለቤቱ ተወካይ አብረው ቆመው፣ ሜትር ዘንጉ ቦዩ ውስጥ ቆሞ፣ ቀንና ቦታ የሚያሳይ ፎቶ በየ20 ሜትሩ ይነሳ። ከዚያ በፊት ደግሞ ዲዛይን ሲሠራ የሙከራ ጉድጓድ ተቆፍሮ አለቱ በስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ ከተመዘገበ፣ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የሚመዘንበት ነገር ይኖራል። የሙከራ ጉድጓድ ወጪን ለመቆጠብ ሲባል ይዘለላል፤ የሚዘለለው ሁልጊዜ በቅንነት አይደለም። የብረት ሥራውም እንዲሁ ነው። ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ብረቱ ተቆጥሮ፣ ዲያሜትሩ ተለክቶ፣ ፈቃድ በጽሑፍ ይሰጥ። «ዛሬ እናፍስስ፣ ወረቀቱን ነገ እንፈርማለን» የተባለበት ምሰሶ ስንት ብረት እንዳለው ማንም አያውቅም።

አንድ የማይነገር ዘዴም አለ። የሥራ መዘርዝሩ ሲዘጋጅ የአንዱ ሥራ መጠን ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ቁፋሮው 5,000 ሜትር ኩብ መሆን ሲገባው 1,000 ይጻፋል። ምስጢሩ የተነገረው ተጫራች ለቁፋሮ ከፍተኛ ነጠላ ዋጋ፣ ለሌላው ዝቅተኛ ዋጋ ይሰጥና በድምር አንደኛ ይወጣል። ሥራው ሲጀመር መጠኑ «ያድጋል»። ለማጣራት ሥራው ሲያልቅ በመጨረሻው የተሠራ መጠን የሁሉንም ተጫራቾች ዋጋ እንደገና አስሉ። አንደኛ የነበረው ሦስተኛ ከሆነ መዘርዝሩን ያዘጋጀውን ሰው ጠይቁት። በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው፤ በእኛ አገር ግን እንደ መደበኛ አሠራር ሲሠራበት አይታይም።


ሕግ ነክ

ሁሉንም በጥሞና አነበብኩ። ይቅርታ አድርጉልኝና በአንድ ነገር አልስማማም። በሩን ማጥበቅ ብቻውን አይበቃም። ሐምሌ 1 መጋዘን ገብቶ የጎደለውን የጻፈ ኦዲተር ሐምሌ 15 ወደ ሌላ ክፍል ከተዛወረ በሩ ተከፈተ ማለት ነው።

የሆንግ ኮንግን ታሪክ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1973 ፒተር ጎድበር የሚባል ከፍተኛ የፖሊስ መኮንን ከ4 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ሀብት ምንጩን አስረዳ ሲባል አገር ጥሎ ወጣ። ያን ጊዜ ሙስናን የሚመረምረው ራሱ ፖሊስ ነበር። በ1974 ከፖሊስ ውጭ የሆነ፣ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለገዥው የሆነ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ጎድበርም በ1975 ከእንግሊዝ ተመልሶ ተፈረደበት። በ1977 ፖሊሶች ኮሚሽኑን በአካል ሰብረው ገቡ፤ ገዥው ከ1977 በፊት ለተሠሩት ለአብዛኞቹ ጥፋቶች ምሕረት ለማድረግ ተገደደ። መራራ ውሳኔ ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ለተሠራው ግን ምሕረት እንደማይኖር ሁሉም አወቀ።

እኛ ጋ የሆነው ተቃራኒው ነው። ኮሚሽኑ መጀመሪያ የመመርመርም የመክሰስም ሥልጣን ነበረው። በ2008 ዓ.ም. ክሱ ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ምርመራው ወደ ፌዴራል ፖሊስ ሄደ። ለኮሚሽኑ የቀረው ማስተማር፣ መከላከልና ሀብት ማስመዝገብ ነው። መከላከል ያለ ምርመራ ሥልጣን ምክር ነው።

ጠቋሚንም አትርሱ። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ 699/2003 ጥበቃውን የሚሰጠው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ለሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ወንጀሉም በሌላ መንገድ ሊረጋገጥ የማይችል፣ በጠቋሚውም ላይ ከባድ አደጋ አለ ተብሎ የሚታመንበት መሆን አለበት። መጋዘን ውስጥ 200 ጠረጴዛ አለመኖሩን ያየችው ንብረት ክፍል ሠራተኛ እዚህ ውስጥ አትገባ ይሆናል። የሚያሰጋት ደግሞ ግድያ አይደለም፤ ዝውውር፣ ዕድገት መከልከል፣ የዲሲፕሊን ክስ ነው። ለእሷ የሚያስፈልጋት ጥበቃ ጥቆማ ከሰጠች በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት የሚወሰድባት ማንኛውም የቅጣት እርምጃ በቀል ነው ተብሎ እንዲገመት፣ አይደለም የማለት ሸክሙም በአለቃዋ ላይ እንዲወድቅ ማድረግ ነው።


ሰነድ አገላባጭ

ሕግ ነክ፣ የመጨረሻውን ሐሳብህን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ የውስጥ ኦዲተሩንም ጨምርበት። የውስጥ ኦዲተር ደመወዙን፣ መኪናውን፣ የሥራ ምዘናውን የሚሰጠው ራሱ የሚመረምረው ኃላፊ ከሆነ ሪፖርቱ ለስላሳ ይሆናል። ምዘናው ቢያንስ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ መውጣት አለበት።

ግን የሆንግ ኮንጉን ሙሉ አድርገን እንየው። ያ ኮሚሽን ሦስት ክፍል ነው ያለው፦ መርማሪ፣ አሠራር ፈታሽና ከሕዝብ ጋር የሚሠራ። ሁለተኛው ክፍል ሥራው በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ እየገባ ቅጹን፣ የፊርማ ሰንሰለቱን፣ የመጋዘን አያያዙን መፈተሽ ነው። እኛ የምናወራው ስለዚያ ነው። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ነው የሠሩት።


ቀለበት መንገድ

ጆርጂያ የትራፊክ ፖሊሶቿን በሙሉ አባርራ አዲስ ቀጠረች ይባላል። እኛ ያንን ማድረግ አንችልም?


ትዕግሥት ከመሬት ዘርፍ

እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ከ15 ሺህ በላይ የትራፊክ ፖሊስ አሰናብተው፣ በቁጥር ያነሰ፣ ደመወዙ በብዙ እጥፍ የጨመረ አዲስ ፖሊስ ተኩ። የሚረሳው ግን ሌላው ነው። በዚያው ሰሞን ፈቃዶችን ቀነሱ፣ የንብረት ምዝገባን ከሰው እጅ አወጡ፣ ዩኒቨርሲቲ መግቢያውን ወደ አንድ ብሔራዊ ፈተና አዛወሩት። እኛ በግምገማ ስንት ሰው አሰናብተናል፤ አዲሱ ሰው በአሮጌው ጠረጴዛ ላይ፣ በአሮጌው ሥልጣን ሲቀመጥ በዓመቱ ያው ይሆናል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል የሚሠራው ሹመቱ የሚበላ ነገር ሲኖረው ነው።

ጉቦ በአገልግሎት መስጫ ላይ የሚወለደው «ነገ ተመለስ» ከሚለው ቃል ነው። ፋይል ተቀባዩና ውሳኔ ሰጪው አንድ ሰው ሲሆን፣ የጊዜ ገደብ ሳይኖር ሲቀር፣ ክፍያው በእጅ ሲሆን። እንደ መሶብ ያሉት የአንድ ማዕከል አገልግሎቶች ተቀባዩን ከወሳኙ ስለሚለዩ መንገዱ ትክክል ነው። ነገር ግን ከኋላ ያለው ወሳኝ ፋይሉን የመረጠውን ቀድሞ ማንሳት የሚችል ከሆነ ጉዳይ ገዳዩ በኋላ በር ይገባል። ተራው በመጣበት ሰዓት መሆን አለበት፤ ተራ ከተዘለለም ምክንያቱ መጻፍ አለበት።

መሬት ላይ አዋጅ 721/2004 ሁለት መንገድ ይሰጣል፤ ጨረታና ምደባ። ጨረታው ቢያንስ ዋጋው ይለጠፋል። ምደባው ላይ ለማን፣ ስንት ካሬ፣ በምን ዋጋ፣ ለምን ዓላማ የሚለው ቦታው ላይ አጥር እስኪታጠር አይታወቅም። የምደባ ውሳኔ ካርታው ከመሠራቱ ከ30 ቀን በፊት በወረዳው ሰሌዳና በድረ ገጽ ይለጠፍ። አንዲት ቦታ ላይ ሁለት ካርታ የሚወጣበት በሽታ በዚህ ብቻ ብዙ ይቀንሳል፤ ጎረቤት አይቶ ይጮኻልና።

የ2014ቱን የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ዕጣም ሁላችን እናስታውሳለን። ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ወጥተው ዕጣው ተሰረዘ፤ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ወደ ዝርዝሩ ገብተው ነበር ተባለ። ትኩረቱ ሁሉ ዕጣ አውጪው ሶፍትዌር ላይ ነበር። እኔ ግን ቁልፉ ቦታ ከዚያ በፊት ያለው ይመስለኛል፤ የቆጣቢዎች ዝርዝር ከባንክ ወጥቶ ወደ ዕጣው እስኪገባ ያለው መንገድ።


ዳታ ሰው

ትዕግሥት ልክ ነሽ፤ መፍትሔውም ርካሽ ነው። ዝርዝሩ ከባንክ ሲወጣ የፋይሉ ዲጂታል አሻራ (ሃሽ የሚባለው) ይሰላ፤ 64 ፊደልና ቁጥር ነው፣ በጋዜጣ ሊታተም ይችላል። ከዕጣው በፊት ብቁ የሆኑት የምዝገባ ቁጥር ይለጠፍ፤ ሕዝቡ ራሱን ይፈልግ። በዕጣው ቀን ፋይሉ ሲጫን አሻራው በሁሉም ፊት እንደገና ይሰላ። አንድ ስም ቢጨመር ወይም ቢቀነስ አሻራው ጨርሶ ሌላ ይሆናል።


ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነኝ። እዚህ ብዙ የሚወራው የባለሥልጣን ዘመድ ስለገዛው ቤት ነው። እኛ ዲያስፖራዎች በዚህ ምን ልንረዳ እንችላለን? የንብረት ግብር መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በአድራሻ ሲፈለግ የባለቤቱ ስምና የተገዛበት ዋጋ ይወጣል።


ሕግ ነክ

ይረዳል፤ ግን በጥንቃቄ ይሁን። የሰው ስም በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መለጠፍ ማስረጃውን ያበላሻል፤ ተጠርጣሪው ሰምቶ ቤቱን ይሸጣል ወይም ወደ ድርጅት ስም ያዛውራል፤ ንጹሕ ሰውም ይጎዳል። የሚጠቅመው አድራሻውን፣ የተገዛበትን ቀንና ዋጋ ከመዝገቡ ቅጂ ጋር ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ ማድረስ ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የፀረ ሙስና ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2007 አጽድቃለች፤ ንብረት ማስመለስ በዚያ ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ጥያቄው ተቀባይነት የሚያገኘው ግን ንብረቱ ከየትኛው ወንጀል እንደመጣ የሚያያይዝ ማስረጃ ሲኖር ነው፤ «ደመወዙ አይበቃም» የሚለው ብቻ ለውጭ ፍርድ ቤት አይበቃም። ሰንሰለቱ የሚጀምረው እዚህ ካለው የክፍያ ሰርተፊኬት ነው።

የሀብት ምዝገባ አዋጅ 668/2002 የራስን፣ የትዳር ጓደኛንና ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችን ሀብት ነው የሚያስመዘግበው። ወንድም፣ አማች፣ አበልጅ የለበትም፤ ቤቱ ደግሞ የሚገዛው በእነሱ ስም ነው። የተመዘገበውን ሁሉ ማጣራት ስለማይቻል በየዓመቱ በዕጣ ከመቶ አምስት ሰው ተመርጦ ከባንክ፣ ከመሬት፣ ከተሽከርካሪ መዝገብ ጋር ቢመሳከር፣ እውነተኛው ተጠቃሚ ሌላ ነው የሚል ጥርጣሬ ሲኖርም እስከ ዘመድ ድረስ ቢሄድ፣ ምዝገባው ትርጉም ያገኛል።


ቀለበት መንገድ

እሺ፣ አንድ ተራ ነዋሪ ወይም የወረዳ ምክር ቤት አባል ነገ ጠዋት ምን ሊጠይቅ ይችላል? ኮሚሽን ማቋቋም አይችልም።


የግዥ ባለሙያ

አንድ ወረቀት ይጠይቅ፤ የውል መከታተያ መዝገብ። በየውሉ አንድ መስመር ይበቃል፦ የሥራው ዓይነት፣ የአቅራቢው ስምና የግብር መለያ ቁጥር፣ በጨረታ ነው በፕሮፎርማ ወይስ በቀጥታ፣ ስንት ተጫራች ቀርቦ ስንቱ በቴክኒክ ወደቀ፣ የመጀመሪያው ውል ዋጋ፣ ከተጨማሪ ሥራ በኋላ ያለው ዋጋ፣ የማጠናቀቂያ ቀን በውሉና በእውነት፣ እስካሁን የተከፈለ፣ ዋስትናው የሚያበቃበት ቀን።

አንድ የወረዳ ምክር ቤት አባል ይህን ይዞ ሦስት ነገር ያያል። ሁሉም ሌላ ተጫራች በቴክኒክ ወድቆ አንድ ብቻ የቀረባቸው ውሎች ስንት ናቸው? ዋጋቸው ከሩብ በላይ ያደጉትስ? አንድ የግብር መለያ ቁጥር ስንት ጊዜ ይደጋገማል? መዝገቡ የለም ከተባለ ደግሞ ክፍያ የሚፈቅደው ሰው ስንት እንደቀረ ሳያውቅ እየፈረመ ነው ማለት ነው፤ ምክር ቤቱ የሚቀጥለውን ሩብ ዓመት በጀት ከማጽደቁ በፊት መዝገቡ ተሞልቶ ይቅረብ ብሎ በቃለ ጉባኤ ያስይዝ። ቅጹ ኤክሴል ላይ ተሠርቶ አለ፤ የሚፈልግ ይጻፍልኝ፣ እልካለሁ።